ሰባት የተጣመሙ ፒኖች

አለቃዬ ቢሮው መዘጋቱን የነገረን አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቦሌ ውስጥ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን እንሠራ ነበር። ሥራችን ገና መሬት ያልተቆፈረላቸው ሕንፃዎች ተሠርተው ሲያልቁ ምን እንደሚመስሉ በኮምፒውተር ሠርቶ ማሳየት ነው። አለቃዬ ወንበር ሳይስብ፣ እንደቆመ፣ ኪራዩን ከዚህ በላይ እንደማይችለውና ማሽኖቹን የሚገዛ ሰው እንዳገኘ ነገረን። ሰውየው በማግስቱ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳቸዋል።

"አቅም ያለው ማሽን ያለው ከቤቱ ይሠራል። የሌለው ደግሞ... እንግዲህ ምን ላድርግ?" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሌሎቹ ሲበተኑ እኔን ለብቻዬ አስቀረኝ። የያዝኩት ሥራ የአንድ ሆቴል ስድስት ምስል ነው። ደንበኛው በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ይፈልገዋል፤ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ማሽን አለሽ አይደል?" አለኝ።

"አለኝ" አልኩት።

የነበረኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ቁም ሣጥኔ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልለው የተቀመጡ ዕቃዎች ናቸው። ላፕቶፑ አንድ ምስል ላውጣ ሲል ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውልና ሊጨርስ ሲል ቀጥ ይላል። ዕቃዎቹን ግን ከስድስት ወር በላይ አንድ በአንድ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። ስክሪን አለ፣ ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ኬዝ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ራም የሚባሉት ሁለት የማስታወሻ ሰሌዳዎች አሉ፣ ከባድ ምስል ሲወጣ የሚያግዝ፣ ሰው የተጠቀመበት ግራፊክስ ካርድ አለ። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ አየር መንገድ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት ከውጭ ያመጣችልኝ። የጎደለው ማዘርቦርዱ ብቻ ነበር፤ ሁሉም የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ።

ዕቃ መሰብሰብ የጀመርኩት በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ የተበላሹ ሬዲዮዎችን ሲፈቱና ሲገጥሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የምንኖረው ሁለታችን ነን። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ ንግግራቸውም ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ሰው ባለበት ሻይ አይጠጡም፤ አልጠማኝም ይላሉ።

እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምገባው። ከቀኑ ግማሹን የሚበላው የታክሲ ሰልፍ ነው። አንድ ቀን ስመለስ አባቴን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዳቦ የያዘ ፌስታል ጭናቸው ላይ ነው። እግራቸው እምቢ ብሏቸው መውጣትም መውረድም አቅቷቸዋል። ጎረቤት ባለፈ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ ዐረፍ ብዬ ነው" እያሉ ሸኝተዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ ብጠይቃቸው አልነግር አሉኝ። ዳቦው ግን የጠዋት ዳቦ ነበር፤ ደርቋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት መሥራት አለብኝ አልኩ።

አርብ ዕለት ቢሮውን ተሰናብቼ ወጣሁና እዚያው ቦሌ ካለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ማዘርቦርዱን ገዛሁ። አዲስ አይደለም፤ ከሌላ ኮምፒውተር የወጣ ነው። ሻጩ ቀልድ የማያውቅ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ትንሽ ክዳን ከፈተና አሳየኝ። የክብሪት ቀፎ በሚያህል ቦታ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ከሺህ በላይ የብረት እግሮች፣ እሱ ፒን ይላቸዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለው ተሰልፈዋል።

"ደህና አድርገሽ እዪ። ረድፉ የተዛባበት ቦታ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲህ ከዚህ በር ከወጣሽ በኋላ ፒን ተጣመመ ብትዪኝ አላውቅሽም። በጣት እንዳትነኪው። ፕሮሰሰሩን ቀስ ብለሽ ታሳርፊዋለሽ፣ ክዳኑን ትዘጊያለሽ፣ አለቀ።"

ከመገናኛ እስከ አራብሳ ሣጥኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ የታክሲው ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" ባለ ቁጥር በክርኔ እየተከላከልኩ ደረስኩ። አባቴ በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያዩት ሣጥኑን ነው።

"ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው አባባ። ነገ እንገጥመዋለን።"

"እንገጥመዋለን" ማለቴን ልብ አላልኩትም። እሳቸው ግን ሰምተውታል።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ መብራት የለም። አባቴ ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሰማያዊ የሥራ ጋዋናቸውን ለብሰው የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያን ጋዋን ለብሰው አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው፣ አጉሊ መነጽራቸውን፣ ወረንጧቸውን፣ ካቻቢቴዎቻቸውን በመጠን በመጠናቸው ደርድረዋል።

"ሹራብሽን አውልቂ ልጄ" አሉኝ ገና እንዳዩኝ።

"ይበርደኛል አባባ።"

"ሱፍ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። አውልቂና የውኃ ቧንቧውን ንኪ። እኔ ጋ ሲሠራ ማንም ቧንቧ ሳይነካ ዕቃ አይነካም ነበር።"

አወለቅኩ፤ ሄጄ ነካሁ። ልቤ ግን እላዬ ላይ አልነበረም። እስከ አርብ የቀረኝ ስድስት ቀን ነው። ስድስት ምስል በስድስት ቀን፣ ያውም ኮምፒውተሩ ዛሬውኑ ተነስቶ፣ መብራትም ካልጠፋ።

ከፓወር ሰፕላዩ ጀመርን። አራት ብሎን ነው ያለው። አባቴ ካቻቢቴውን ያዙና የመጀመሪያውን ብሎን ሊያስገቡ ሞከሩ። የካቻቢቴው ጫፍ ብሎኑ ዙሪያ ይዞራል እንጂ አይገባም። ብሎኑ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋቸው። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ወድቆ ሶፋው ሥር ሲንከባለል ካቻቢቴውን ከእጃቸው ወሰድኩት። በኃይል አልነበረም፤ ግን ወሰድኩት።

"እኔ ላጥብቀው፤ እርስዎ ያሳዩኝ" አልኩ።

አባቴ ቀኝ እጃቸውን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ብሎኖቹን ሳጠብቅ አዩኝ። ከዚያ "መድኃኒቴን ልዋጥ" ብለው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

እንዲመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ማዘርቦርዱን አንሶላው ላይ አስቀምጬ የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ክዳን ከፈትኩ፣ ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤ ወደ ቦታው አወረድኩት። አንድ የጣት ስፋት ሲቀረው ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። አለቃዬ ነው። ዓይኔን ወደ ስሙ አዞርኩ፤ ፕሮሰሰሩ ከጣቴ አመለጠ።

ድምፁ ቀላል ነበር። አንድ ማዕዘኑ ፒኖቹ ላይ አረፈና ገደም ብሎ ቀረ። በጥፍሬ አነሳሁትና ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዱ ጥግ ላይ ረድፉ ተዛብቷል። የቀሩት ፒኖች በአንድ ላይ ሲያበሩ እዚያ ጋ ያሉት ጠቆሩ። ስልኩ መንዘሩን አላቆመም።

አባቴ ሲመጡ ሰማሁ። ፕሮሰሰሩን ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም፤ እጄ ነው የመለሰው።

"እስቲ ልየው፣ መቀመጫው የትኛው ነው?" ብለው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ሲሉ ከጋዋናቸው የደረት ኪስ ውስጥ የመነጽራቸው ማኅደር ሾለከ። እጃቸውን ሰደዱ፤ የሰደዱት ቀኙን ነበር፤ ሳይዙት ቀሩ። ማኅደሩ ማዘርቦርዱ ላይ፣ የተከፈተው መቀመጫ አጠገብ ወደቀና ተንሸራተተ።

አባቴ ማኅደሩን አነሱና አጉሊ መነጽሩን አቀረቡ። ብዙ ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምን አደረግኩ?" አሉ። "ልጄ፣ ምን አደረግኩብሽ?"

እውነቱን ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። አባቴ እያዩኝ ነው፤ የሚያቻኩለኝ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እኔ ግን የተሰማኝ፣ ማመን ያሳፍረኛል፣ እፎይታ ነው።

"ምንም አይደለም አባባ። ሆነ ብለው አይደል" አልኳቸው።

ጋዋናቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። "ከእንግዲህ እጄን ዕቃሽ ላይ አላሳርፍም" ብለው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ምሳ ብዬ ብጠራቸው አልመጡም።

እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ ለሻጩ ደወልኩ።

"ነግሬሽ ነበር" አለኝ።

"ለመመለስ አይደለም። የሚያቃናልኝ ሰው ካለ ብዬ ነው።"

"አንድ የሚያቃና ሰው ነበር። ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ እንጃ። ሌላ ለማንም እንዳትሰጪው፣ ጭራሽ ይገድሉብሻል።"

ከዚያ ለአለቃዬ መልሼ ደወልኩለት። "እንዴት ነው፣ ጀመርሽ?" አለኝ። "ጥሩ እየሄደ ነው" አልኩት። በአንድ ቀን ለሁለት ሰው ዋሽቼ ወደ ቤት ስገባ መብራት መጥቶ ነበር። የሚበራ ነገር ግን አልነበረኝም።

እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እልጥ ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ከበረንዳው ጋር ይገናኛል፤ ስልክ ሲያወሩ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። የሚያወሩት ደሴ ካለችው እህታቸው፣ ከአክስቴ ጋር ነው።

"ያቺ የጓሮዋ ክፍል አሁንም ባዶ ናት?" አሉ። "የለም የለም፣ አልተጣላንም። እሷማ ምንም አላለችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ምንም አይደለም አለችኝ... ዕቃዋን ሰበርኩባት። የምትበላበትን ነው የሰበርኩባት... ዕቃ መያዝ የማይችል ሰው፣ ሰው ቤት ምን ይሠራል? ማክሰኞ በአውቶቡስ እመጣለሁ።"

ሽንኩርቱን አስቀመጥኩት። እጄን የታጠብኩት ሁለት ጊዜ ነው። በረንዳው በር ላይ ቆምኩ፤ ስልኩን ዘግተው ታች የሚጫወቱትን ልጆች ያያሉ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ፒኖቹን ያጣመምኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒት ሊውጡ ሲገቡ ፕሮሰሰሩ ከእጄ አመለጠ። የመነጽሩ ማኅደር ሲወድቅ ተጣመው ነበር።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ፊታቸው ላይ አየሁት። "አይ፣ እኔ እኮ አየሁት፤ ማኅደሩ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ወደ እሱ አዩ።

"ከትናንት ጀምሮ ይህችን እጅ ስረግማት ነው የዋልኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ዛሬ ቅዳሴ መሐል ቆሜ እንኳ። ቁረጥልኝ ብዬ ነው የለመንኩት።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ስትሮኩ የወሰደውን ወሰደ። የቀረኝን ደግሞ አንቺ ወሰድሽው።"

ተነስተው በአጠገቤ አለፉ። ልይዛቸው ክንዳቸውን ነካሁ፤ አስለቀቁኝ። የክፍላቸው በር ተዘጋ፤ ቀጥሎ የቁም ሣጥናቸው በር ሲከፈት፣ ሻንጣ ሲጎተት ሰማሁ። ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጥኩ። በበሩ በኩል ብዙ አወራሁ፤ ስለ ሆቴሉ ምስል፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ፍርሃቴ። የትኛውም ይቅርታ አይመስልም፤ ምክንያት ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ ብቻ መለሱልኝ።

"ሽንኩርቱ እንዳይደርቅብሽ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት የክፍሌ በር ተንኳኳ። አባቴ ጋዋናቸውን ለብሰዋል። ፊታቸው አልተፈታም።

"ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጊው" አሉኝ። "ፀሐይ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው በዚህ በኩል ያለችው።"

ልጄ አላሉኝም። ሹራቤን ሳይነግሩኝ አወለቅኩ፤ ቧንቧውን ነካሁ። ማዘርቦርዱን ፀሐይዋ ላይ አስቀመጥን። አጉሊ መነጽሩን በተደራረቡ መጻሕፍት መሐል አቁመው በክር እንዳስረው አዘዙኝ። ወረንጦውን ላነሳ ስል ከለከሉኝ።

"መጀመሪያ ሣዪው።"

"ምኑን?"

"ሥራሽ መሣል አይደል? የትኛው ፒን ወዴት እንደተጣመመ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። የተጣመመበትን መንገድ ሳያውቁ የሚያቃኑ ሰዎች ናቸው የሚሰብሩት።"

ግማሽ ሰዓት ያህል ወረቀት ላይ ረድፎቹን ሣልኩ። ሰባት ናቸው። አራቱ ወደ ጎን ተኝተዋል፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ታጥፏል። አባቴ ሥዕሉን ተቀብለው ከሰሌዳው ጋር አስተያዩና በግራ እጃቸው ቁጥር ሰጧቸው። ቀላሉ መጀመሪያ፣ የታጠፈው መጨረሻ።

"አትግፊው። ንኪውና ልቀቂው። ንኪውና ልቀቂው። በአንድ ጊዜ የሚመለስ ብረት የለም።"

ወረንጦውን አወረድኩ። በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ ጫፉ እንደ ምሰሶ ገዝፎ ይታያል። የመጀመሪያውን ነካሁት፤ ለቀቅኩት። ነካሁት፤ ለቀቅኩት። ቀና አለ። ሁለተኛው ቀና አለ። ሦስተኛውን ስጨርስ ጀርባዬ በላብ ርሷል። ከታች ቆራሌው እየጮኸ ያልፋል፤ ጎረቤት ምንጣፍ ታራግፋለች፤ እያንዳንዱ ድምፅ ክንዴ ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል። አራተኛውን ካቃናሁ በኋላ የተጠላለፉትን ሁለቱን ልለያይ ስሞክር ጫፉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጄን አነሳሁ።

"ተንቀጠቀጠ" አሉ አባቴ።

"አዎ።"

"የሁሉም እጅ ይንቀጠቀጣል። ክርንሽ አየር ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው። ትንፋሽሽን አውጪና ሳትስቢ ንኪ።"

አሳረፍኩ። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ያኔ አባቴ ወንበራቸውን አስጠጉና በግራ እጃቸው አንጓዬን ያዙኝ። ከትናንት ወዲህ ሲነኩኝ የመጀመሪያቸው ነው። አጥብቀው ነው የያዙኝ፤ ያማል። "አሁን" አሉ። ተነፈስኩ፤ ነካሁ። ሁለቱ ተላቀቁ።

ሰባተኛው ተሰበረ። ጥፋቴ አልነበረም፤ ገና ሲታጠፍ ተሰንጥቆ ነበር መሰለኝ። ጫፉ ከዓይን ሽፋሽፍት ባነሰች ብልጭታ ወደቀ። ወረንጦውን ጣልኩት።

"አለቀ። ሞተ" አልኩ።

"አንሺው" አሉ። "ወረንጦውን አንሺ። የሞተውን ያልሞተውን ስናበራው እናውቃለን። አንዳንዱ እግር የተደገመ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ የለውም። ይህ የቱ እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም።"

ፕሮሰሰሩን ሳወርድ ስልኬ ሌላ ክፍል ነበር። አባቴ እጃቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፈው አጠገቤ ቆመዋል። አረፈ። ክዳኑን ስዘጋ የሚሰማው የመንቋቋት ድምፅ ሁለታችንንም አስደነገጠን። ፕሮሰሰሩ እንዳይግል ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀባን፣ ማራገቢያውን ገጠምን፣ ሁለቱን ራም ከአራቱ ማስገቢያዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ሰካን። ሁሉም ነገር ኬዙ ውስጥ ሲገባ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ምሳ ያሰበ የለም።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ማራገቢያው ቆመ። ደግሞ ዞረ። ቆመ። ሊናገር ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ የሚቀር ሰው ይመስል ነበር። አራት አምስት ጊዜ እንደዚያ ሲያደርግ ገመዱን ነቀልኩትና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ አለቀስኩ።

አባቴ አላባበሉኝም። እስክጨርስ ጠበቁ።

"የሞተ ሬዲዮ ሲመጣልን" አሉ፣ "ሁሉንም አውጥተን ካለእሱ የማይነሳውን ብቻ እናስቀር ነበር። ከዚያ አንድ አንድ እያልን መመለስ። ምን ምን ይወጣል?"

"ግራፊክስ ካርዱ ይወጣል፤ ስክሪኑ ያለሱም ይበራል። አንዱ ራም ይወጣል።"

"አውጪ።"

አወጣሁ። አበራሁ፤ ጥቁር። ራሙን ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ አደረግኩት፤ ጥቁር። አባቴ "ቀጥዪ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ሦስተኛው ላይ አደረግኩትና ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ቅስሜ እንዳይሰበር ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ አባቴ ነበር የማየው። ብርሃኑ መጀመሪያ የመጣው መነጽራቸው ላይ ነው፤ ነጭ ጽሑፍ።

"ምን ይላል?" አሉ፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ ሳያቅታቸው።

"ተነስቷል ይላል።"

ከአራቱ የራም ማስገቢያዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ የተሰበረው ፒን ይዟቸው ሄዷል። በቀሩት ሁለቱ ላይ ግን ሁለቱም ራሞች ሠሩ። ግራፊክስ ካርዱንም መለስነው። አመሻሽ ላይ የሆቴሉን የመጀመሪያ ምስል አስጀመርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣቸው ኮሪደሩ ላይ ነበር። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ የመውጫ በሩ ድምፅ እስኪሰማ እጠብቃለሁ። ይሂዱም አይሂዱም ማለት አልቻልኩም፤ የሁለቱም መብት ከእጄ ወጥቷል። ሦስት ሰዓት ገደማ መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። አባቴ ኮታቸውን እንደለበሱ ከክፍላቸው ብቅ አሉና ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ስታቢላይዘር፣ ኃይሉን የሚያመጣጥነውን ሣጥን፣ መብራት ሲወርድ የምትበራ ቀይ መብራቱን አዩ።

"ሥራሽን አስቀምጪ!" ብለው ጮኹ።

ማስቀመጫውን ተጫንኩ። መብራቱ ጠፋ። ያለቀው ግማሽ ምስል ተረፈ። እሳቸው ካልጮኹ ጠዋቱን ሙሉ የሠራሁት ይሄድ ነበር።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለአክስቴ ደወሉ። "እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት አልችልም። ይህ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል፤ መብራቱ አይታመንም... የለም፣ ሌላ ሰው የለም።" ወደ እኔ ሳያዩ ዘጉ። ወንበር አምጥተው ስታቢላይዘሩ ፊት ተቀመጡ።

እስከ አርብ እዚያ ነበሩ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል የቀይዋን መብራት አበራር እኔ ሳልለይ እሳቸው ለዩት። ስድስት ጊዜ ጮኹልኝ፤ ከስድስቱ ሁለቱ በከንቱ ነበር፣ አራቱ ግን አተረፉኝ። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ሙሉ መብራት ጠፍቶ ሁለታችንም እስኪመጣ ስንጠብቅ ዋልን። አርብ ከሰዓት በአሥር ሰዓት ስድስተኛው ምስል አለቀ። በስልኬ ኢንተርኔት ምስሎቹን መላክ እንኳ ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀ። አለቃዬ "ደርሶኛል። ሰኞ ሌላ እልክልሻለሁ" ብሎ ጻፈልኝ።

ለአባቴ አነበብኩላቸው። "እሰይ" አሉና ሊተኙ ገቡ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሥራ ባልደረባ ኖርን፤ 'ምግብ ቀርቧል'፣ 'መብራት መጥቷል' ከመባባል አላለፍንም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ እየሠራሁ፣ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ።

"ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

ፈርቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፈርቼ አልነበረም።

"እርስዎ 'ምን አደረግኩ' ሲሉ ቀለለኝ አባባ። ለዚያ ነው።"

በመስኮቱ መንገዱን፣ ማዶ ያሉትን ብሎኮች ሲያዩ ቆዩ። ጥያቄውን ባልመልስ ይሻል ነበር ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"ይሄ ይሻላል" አሉ በመጨረሻ። "እንደሱ ንገሪኝ።" ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ጠረጴዛው መጡ። "እስቲ ወዲህ አዙሪው፤ የምትሠሪው ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።"

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።